በወርቅ ላይ ብቻ ስማቸው የቀረ ነገሥታት

በጎጃም በረንዳ አካባቢ ለምንማር ልጆች ጠገራ ብር እንግዳ ነገር አይደለም። ለገበያ ወይም ለንግሥ ከገጠር የመጡ እናቶች ከመስቀላቸው ጋራ በአንገታቸው አንጠልጥለውት እናያለን፤ ከአንጥረኛም ዘንድ ከአሮጌ አልቦና ከድሪ ጋራ ሚዛን ላይ ሲወጣ ተመልክተናል። በላዩ የተቀረጸችው ሴት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የተጻፈበትም ዓመት 1780 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ክብደቱ 28 ግራም ያህል ስለ ሆነ አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት ወቄት ከእርሱ ጋራ የተስተካከለ ነበር። ይህች ንግሥት ኢትዮጵያን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ መልኳ ግን በእናቶቻችን አንገት ላይ እስከ ዛሬ ይኖራል።

የባዕድ አገር ገንዘብን የአንገት ጌጥ ማድረግ በጠገራ ብር የተጀመረ ልማድ አይደለም። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በጥንታዊቱ የመጠራ ከተማ ፈረንሳዊው የቅርስ መርማሪ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ሲቆፍር፥ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የተደበቀ የወርቅ ጌጥ አገኘ። ከመስቀሎቹና ከሰንሰለቶቹ ጋራ 14 የሮማ የወርቅ ገንዘቦች ነበሩበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምዕተ ዓመት የነገሡ ቄሣሮች መልክ ያለባቸው ሲሆኑ፥ ለማንጠልጠያ የሚሆን ቀለበት ተበጅቶላቸው ነበር። አንዲት የአክሱም ዘመን ወይዘሮ የሮማን ቄሣር በአንገቷ አስራ ትሄድ ነበር ማለት ነው።

ጠገራ ብር በአያቶቻችን ዘንድ የታመነ እንደ ነበረ ሁሉ፥ በዚያ በጥንቱ ዓለም የታመነው የቍስጥንጥንያ ወርቅ ነበር። ታላቁ ቈስጠንጢኖስ በአራተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከአንድ የሮማ ነጥር ወርቅ 72 ገንዘብ እንዲወጣ ደነገገ፤ እያንዳንዱም 4 ግራም ተኩል ያህል ይመዝን ነበር። ስሙ ሶሊዱስ ይባላል። ከዚያ በኋላ የተነሡት ነገሥታት መልካቸውን እየለወጡ ቢያስመቱትም ወርቁን ሳያበላሹ ሰባት መቶ ዓመት ያህል አቈዩት። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ነጋዴው ኮስማስ የሚተርከው አንድ ጨዋታ አለ። ሶፓትሮስ የተባለ የሮማ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋራ ወደ ሴሎን ደሴት ይደርሳል፤ በዚያው ቀን የፋርስ መልእክተኛም ይደርሳል። የደሴቲቱ ንጉሥ ከሁለቱ ነገሥታታችሁ ማን ይበልጣል ብሎ ቢጠይቅ፥ ፋርሱ ስለ ጌታው ብዙ ተናገረ። ሶፓትሮስ ግን ሁለቱም ነገሥታት እዚሁ ስላሉ ራስህ ተመልከት አለው። የሁለቱንም ገንዘብ አስመጡ። የሮማው የጠራ ወርቅ፥ የፋርሱ ብር ሆነና ነገሩ በዚያው ተቈረጠ። ታሪኩ ለሮማ ያደላ መሆኑ አይካድም፤ ተራኪው የሮማ ሰው ነውና! እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሶፓትሮስ ከአገራችን ወደብ ሰዎች ጋራ አብሮ መድረሱ ነው።

አክሱምም የራስዋን ወርቅ ታስመታ ነበር። በሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም ኢንዱቢስ የተባለው ንጉሥ በወርቅ፥ በብርና በመዳብ ገንዘብ አስመታ። ከዚያ ወዲህ የነገሡትም ወርቃቸውን ከሮማ ወርቅ ጋራ እንዲመዛዘን አድርገው ያሠሩት ነበር። የመጀመሪያው 2.7 ግራም ያህል ሲሆን የሮማው ገንዘብ እኩሌታ ነው፤ ቈስጠንጢኖስ ሚዛኑን ከለወጠ በኋላ የአክሱምም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ወረደ፤ ይኸውም ከሶሊዱሱ ሲሶ በጥቂት የሚበልጥ ነው። በእኛ ወቄት ብንመዝነው ለአንድ ጠገራ ብር ክብደት ከ17 በላይ የአክሱም ወርቅ ያስፈልጋል። ቋንቋውም እንደዚሁ ነጋዴን አስቦ የተመረጠ ነው። ወርቁ ለውጭ ንግድ ስለ ነበረ ጽሕፈቱ አብዛኛውን ጊዜ በጽርዕ ነው፤ ብርና መዳቡ ግን ለአገሬው ስለ ሆነ እያደር በግዕዝ ይጻፍበት ጀመር። ዋዜባ የተባለው ንጉሥ ብቻ በወርቁም ላይ ግዕዝ አስጽፏል፤ ይህን በማድረጉ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ።

መልኩ ግን የሮማ ቅጅ አይደለም። ንጉሡ በአንዱ ፊት ዘውድ ደፍቶ፥ በሌላው ፊት ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ ይታያል፤ በግራና በቀኝም ሁለት የእህል ዛላዎች ከበውታል። አንዳንዱ ሊቅ ስንዴ ነው፥ ሌላው ገብስ ነው ይላል። በመዳቡና በብሩ ላይ ደግሞ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ጥቂት ወርቅ የሚለብጡበት ጥበብ ነበራቸው፤ ይህን በሌሎች አገሮች ገንዘብ ላይ ማግኘት ዘበት ነው።

የክርስትናው መግባትም ከዚሁ ገንዘብ ላይ ይነበባል። የዒዛና የቀድሞ ገንዘቦች ጨረቃና ክብ ነገር አለባቸው፤ በኋለኞቹ ላይ ግን በዚያ ቦታ መስቀል ቆሞ እናገኛለን። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ከሁሉ አስቀድመው ካስቀረጹት ነገሥታት አንዱ እርሱ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣ አንድ ንጉሥ በመዳብ ገንዘቡ ላይ በግዕዝ «በዝ መስቀል ትመውዕ» የሚል አስጽፏል፤ ይህም በቈስጠንጢኖስ ታሪክ የሚነገረው ቃል መሆኑ ነው። የዚህ ንጉሥ ስም የተጻፈው ያለ አናባቢ ምሐድየስ ተብሎ ስለ ሆነ፥ እንዴት እንደሚነበብ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ወርቁስ ከወዴት ይመጣ ነበር? ኮስማስ ለዚህም መልስ ሰጥቶናል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ በኩል ሰዎቹን ሳሱ ወደተባለው አገር ይልክ ነበር። ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ከአምስት መቶ ይበልጣሉ፤ የሚይዙትም በሬ፥ ጨውና ብረት ነው። ከዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፥ ጨውንና ብረቱን ከእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ ግብጦ የሚያህል የወርቅ ፍሬ አስቀምጦ ይሸሻል። ባለ ዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያም ተመልሶ ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። በአፍ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ይገበያያሉ። መርካቶ ውስጥ ሲከራከሩ ለሚውሉ ሰዎች ይህ ተረት ይመስላቸው ይሆናል! ብዙ ሊቃውንት ሳሱን ከጎጃም ወዲያ ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒ ሻንጉል ያደርጉታል። እንግዲህ ያ የአገው መንገድ፥ ሰፈራችን ስሙን ከወረሰው አገር አጠገብ የሚያልፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

ኮስማስ አዱሊስ የነበረው በ525 ግድም፥ አፄ ካሌብ ወደ ሕምያር ለመዝመት ሲዘጋጅ ነው። በዚያን ጊዜ በቍስጥንጥንያ የነገሠው ዮስጢኖስ የካሌብ ወዳጅ ነበር። የሁለቱ ወዳጅነት ሥጋዊ ምስክር ከአንድ ሺሕ አራት መቶ ዓመት በላይ ከመሬት ውስጥ ቈይቶ፥ በ1980 በየመን አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ ወጣ። በአንድነት የተቀበረው የወርቅ ገንዘብ 1,194 ሲሆን፥ 326ቱ የሮማ፥ 868ቱ የአክሱም ነበር። ከሮማው የመጨረሻው የዮስጢኖስ፥ ከአክሱሙ የመጨረሻው የካሌብ ነው። ያን ሁሉ ወርቅ ማን ቀበረው? ወታደር ይሁን ነጋዴ አይታወቅም፤ ብቻ ተመልሶ አላወጣውም። የሁለቱ መንግሥታት ወርቅ በአንድ ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሎ ይኖር እንደ ነበረ ግን ያለ ጥርጥር አስረድቶናል። እንዲህ ያለውን ትምህርት የሰጠን ሳይበተን በአንድነት በመገኘቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ኢንዱቢስ፥ አፊላስ፥ ዋዜባ የሚሉት ስሞች በገዳማት በተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮች ውስጥ የሉም። ታሪክ ጸሐፊ አልመዘገባቸውም፤ ትውፊትም ዘንግቷቸዋል። መንገሣቸውን የነገረን በጥፍር ልክ የሆነ ወርቅና ብር ነው። እንግዲህ አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኘውን ገንዘብ ለአንጥረኛ ሸጦት ቢቀልጥ፥ የጠፋው ግራም ተኩል ወርቅ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሌላ የማናውቀው ንጉሥ በዚያች እሳት ውስጥ አልፎ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ሚዛን ክብደቱን እንጂ ስሙን አይናገርም።

ገንዘብ ሰብሳቢዎችን በጅምላ መንቀፍ ግን ትክክል አይመስለኝም። በእነርሱ ትጋት የዳነ ብዙ አለ። በመቅደላ የአፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ከነበሩት እንግሊዞች አንዱ የሆነው ፕሪዶ፥ በ1868 ከተፈታ ከ16 ዓመት በኋላ ስለ አክሱም ነገሥታት ገንዘብ ጽሑፍ አሳትሟል፤ ሰንሰለት ያሰረችውን አገር ገንዘቧን ሲመረምር መኖሩ የሚያስገርም ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ገንዘቡ የተገኘበት ስፍራ ሳይመዘገብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። ከመዳሪባው ክምችት አንዱን ሶሊዱስ ብቻውን ገበያ ላይ ብናገኘው ኖሮ ስለ ካሌብ ምን ይነግረን ነበር? ምንም! ደግሞም ለጎብኚዎች የሚቀርበው የአክሱም ገንዘብ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ትናንት ተሠርቶ በአፈር የታሸም አለ። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዛል። ብዙ ተማሪ ይህን ሕግ ሰምቶት አያውቅም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስክነሣ ድረስ አላውቀውም ነበር።

የአክሱም ወርቅ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጥራቱ እየቀነሰ ሄዶ፥ በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ገንዘብ ማስመታቱ ራሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሐረር አሚሮች ካስመቱት በቀር፥ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ ያለበት፥ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር እስኪወጣ ድረስ፥ አገሪቱ በአሞሌና በባዕድ ብር ኖረች።

ይህን ስጽፍ አያቴን በአንገታቸው ስላለው ጠገራ ብር ጠየቅኋቸው። በላዩ ያለችው ሴት ማን እንደ ሆነች አያውቁም። ነገር ግን እናታቸው በሠርጋቸው ቀን እንደ ሰጧቸው፥ ለእናታቸውም አንድ ወይፈን በተሸጠበት ገበያ እንደ ደረሳቸው፥ ማንጠልጠያውንም የሠራው አንጥረኛ የየት ሰፈር ሰው እንደ ነበረ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔም ከክብደቱና ከዓመቱ ቀጥዬ ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍሁት።