ሜሪላንድ ውስጥ አናጺ ከመቅጠርዎ በፊት

ከአሜሪካ መዲና ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በምትገኘው የሜሪላንድ ግዛት በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የእንጨት ወለል ለማስነጠፍ፣ በር ለማስቀየር ወይም የኩሽና ካቢኔት ለማሠራት ሲያስቡ አናጺ በወዳጅ ዘመድ ጥቆማ ማፈላለግ የተለመደ ነው። ጥቆማው ስለ ሙያው ሊመሰክር ቢችልም ሕጋዊ ከለላ ግን አይሆንም።

በግዛቲቱ ሕግ መሠረት የቤት እድሳት ሥራ የሚዋዋል ተቋራጭ ከሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ጊዜው አለማለፉንም በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የፈቃድ ቁጥሩ፣ የሥራው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ቀን ሊሰፍሩበት ይገባል። ተቋራጩ ውሉ ሳይፈረም ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ቀብዱም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለ9,000 ዶላር ሥራ የሚከፈለው ቀብድ ቢበዛ 3,000 ዶላር ነው ማለት ነው።

የፈቃዱ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ሥራው ሲበላሽ ወይም ተጀምሮ ሲቀር ነው። ኮሚሽኑ የሚያስተዳድረው የዋስትና ፈንድ፣ ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ጉዳት የደረሰበትን የቤት ባለቤት፣ ከከፈለው ገንዘብ ሳይበልጥ እስከ 30,000 ዶላር ሊክስ ይችላል። ፈቃድ የሌለውን ሰው ያሠራ ግን ከፈንዱ ካሳ አያገኝም።

ክፍያን በቼክ መፈጸም፣ ደረሰኝ መያዝና የሥራውን ሂደት ፎቶግራፍ ማንሳት አለመግባባት ሲፈጠር ማስረጃ ይሆናል። የመጨረሻው ክፍያም ሥራው ተጠናቆ ከታየ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ባለሙያው የአገር ልጅ ቢሆንም ፈቃዱንና ውሉን መጠየቅ እንደ አለመተማመን የሚቆጠር አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን የሚጠብቅ ሥርዓት ነው።