ቀርፋፋዋ ማርሽ፦ የራያ ቆላና የሁለተኛዋ ዘንግ ታሪክ

የአዲስ አበባ ልጆች ስለ መኪና ሲከራከሩ ሰምታችኋል? «ሞተሩ ስንት ነው?»፣ «ስንት ትሄዳለች?»፣ «ፎር ዊል ናት?» … በቃ፣ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ከማርሹ ጎን ስለተተከለችው ትንሽ ዘንግ የሚጠይቅ የለም። ብዙዎቻችን ያቺን ዘንግ ያየናት በመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ውስጥ ነው። ሾፌሩም «እሷን አትንካ!» ብሎን ይሆናል።

ዛሬ ልንነካት ነው። ምክንያቱም የአገራችንን የመኪና ታሪክ በፍጥነት በኩል ብቻ ካየነው ግማሹ ያመልጠናል። ሌላውን ግማሽ በዝግታ በኩል ማየት የፈለገ ቆቦ ይውረድ።

ሜዳ የሚመስለው ሜዳ

ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆመዋል፤ በመካከላቸው የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። ከዋናው መንገድ ሆኖ ለሚያየው «ይሄማ ለቪትዝም ይበቃል» ያሰኛል።

ነገር ግን ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ወደ ዞብል ስታቀኑ ነገሩ ይለወጣል። እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉት ወንዞች በበጋ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ይመስላሉ። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ነው፤ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። ሲያልፍ ድንጋይና አሸዋ ጥሎ ይሄዳል፤ ከወንዙ ዳርና ዳር ያለው ደለል ደግሞ ሲርስ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። አሸዋ፣ ጭቃና ገደል በአንድ ቀን ጉዞ! ግመል በዚህ አገር ሥራ ፈትቶ የማያውቀው ወዶ አይደለም።

የራያ ገበሬ ይህን ጎርፍ ፊት ለፊት አይጋፈጠውም። ጠልፎ፣ አብርዶ፣ ወደ ማሽላው ማሳ ያሰራጨዋል። ይህችን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

በግፊያ የመጣ ጦር

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነውን ሁላችንም ተምረናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙም አናነሳውም። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ የገቡት ከጣሊያን ጎን የተሰለፉት የኤርትራ ወታደሮች ከኮረም የተነሡት በእግራቸው ነበር። በሞተር የሚኮራው ጦር እንኳ መንገድ ባልተሠራበት አገር መጀመሪያ የላከው እግረኛ ነው።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ ባዶሊዮ ከሺህ በእጅጉ የሚበልጡ መኪኖች አሰልፎ ወጣ። አብዛኞቹ በኋላ ጎማቸው ብቻ የሚነዱ የጭነት መኪኖች ነበሩ። ጣርማ በር ላይ የኢትዮጵያ አርበኞች መንገዱን አፍርሰው ሲጠብቋቸው ያ ሁሉ ሞተር ቆመ። ወታደሩ ወርዶ አካፋ ያዘ፤ መኪናውንም ገፋ። ዋና ከተማዋ የተያዘችው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ጣሊያን ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ መኪናው አገሩን ካልቻለ አገሩን ለመኪናው ማስተካከል። በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልዲያ የሚያልፈው የአሥመራ–አዲስ አበባ መንገድ በዚያ ዘመን ተሠራ። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራ ካሕሱ ጥምዝምዝ ዛሬም ምስክር ነው። ከመንገዱ ጋር ቃላትም ቀሩልን፦ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ …

ጂፕ መጣች

አገሩን ሳይሆን መኪናውን የማስተካከሉ ሐሳብ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ዊሊስ ለአሜሪካ ጦር ጂፕን ማምረት ጀመረ። ከካምቢዮዋ ጀርባ «ትራንስፈር ኬዝ» የሚባል ሁለተኛ ካምቢዮ ነበራት። ሥራው ሁለት ነው፦ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል ማከፋፈል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ «ሎው» በሚባለው ማርሽ ሁሉንም ነገር ማዘግየት።

ቁጥሩን እንየው፤ አይከብድም። ጂፕ በአንደኛ ማርሽ ስትሄድ ጎማዋ አንዴ እስኪዞር ሞተሩ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሎው ሲገባ ይህ በ1.97 ይባዛና ወደ 26 ይጠጋል። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር መኪናዋ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። የእግረኛ ፍጥነት! «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አበው ትራንስፈር ኬዝ ሳያዩ ነው የገባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዞች ላንድሮቨርን አወጡ፤ የሎው ማባዣዋ 2.9 ገደማ ነበር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራት ጂፕ መሰል መኪና ግን ሎው አልነበራትም፤ በጭነት መኪና ሞተርና በከባድ አንደኛ ማርሽ ተማምና ነበር የፉጂን ተራራ አጋማሽ ድረስ የወጣችው። ላንድክሩዘር ሎው ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1960 ባለ 40 ሞዴሏ ሲመጣ ነው። ጃፓኖቹም ቢሆኑ ወደ ትንሿ ዘንግ ተመለሱ።

በእኛ አገር በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። አውራ ጎዳናው ተጠገነ፣ ሰፋ። ከአውራ ጎዳናው ወዲያ ያለው ሰው ግን እንደ ድሮው በግመልና በአህያ ቀጠለ።

ጥቅምት 1977

አሁን ወደሚያመው ቦታ ደረስን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ ታየ። ኮረም ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር።

ካርታ አውጥታችሁ የዚያን ዘመን መጠለያዎች ፈልጉ፦ ኮረም፣ ባቲ፣ መቀሌ … ሁሉም ዋና መንገድ ላይ ናቸው። እህሉ የመጣው በተራ የጭነት መኪና ነው። ተራ የጭነት መኪና የሚቆምበት ቦታ እህሉም ቆመ። የቀረውን መንገድ የተጓዘው ረሃብተኛው ነው፤ በእግሩ፣ ልጅ አዝሎ። የመንገዱ ዳር የሞላው ሰው ከመንገዱ ማዶ ማንም ያልደረሰለት ሰው ነበር።

አይግባን፤ ረሃቡን ያመጣው የማርሽ እጦት ነው እያልን አይደለም። ድርቁ ነበር፣ ጦርነቱ ነበር፣ ዝም ያለ መንግሥት ነበር። እንዲያውም የሚቆጨው ነገር ሌላ ነው። ሎው ያላቸው ኡራልና ዚል የሚባሉ የሶቪየት ካሚዮኖች በአገሩ ነበሩ፤ የጦሩ ነበሩ። ጉልበቱ ሞልቶ ነበር፤ የተጠመደው ግን ለሌላ ነው። ተራራ ላይ ላለው ሕዝብ በመጨረሻ የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች እህል ከሰማይ ጣሉለት። አስቡት፤ ከመንገዱ ጥቂት ሰዓት ለሚርቅ መንደር አውሮፕላን!

የታሪክ ነገር ይገርማል። ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን በታየች በሳምንታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1984፣ ቶዮታ ባለ 70 ላንድክሩዘርን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእርዳታና የጤና ሠራተኛውን ከአስፋልት ያወረደችው ነጭ መኪና እሷ ናት። እስከ ዛሬም ትመረታለች፤ ዘንጓም አለች።

ታዲያ የቱ ይመረጣል?

«ሎው ጥሩ ከሆነ፣ ከሁሉ የከበደው ይሻላላ!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የአሜሪካው ራንግለር ሩቢኮን ማባዣው 4 ነው፤ ለአለት መውጫ ተብሎ የተሠራ ነው። የራያ ቆላ ግን በአብዛኛው አሸዋና ጭቃ ነው። አሸዋ ላይ ጎማው በጣም ከዘገየና ጉልበት ከበዛበት መሬቱን ይቆፍራል፣ ራሱን ይቀብራል። እዚህ የሚበጀው ሎው አስገብቶ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሳይቆሙ፣ ነዳጅ ሳያንቀጠቅጡ ማለፍ ነው። አንደኛ ማርሽ ከሎው ጋር ለድንጋያማው ቁልቁለት ይቀመጥ፤ እዚያ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፣ ፍሬኑም አይግልም። ስለዚህ ለቆቦ ከ2 እስከ 2.5 የሆነ ማባዣ በቂ ነው፤ ባለ 70 ላንድክሩዘርም እዚያው አካባቢ ናት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ ፊትና ኋላው የሚቆላለፈውን ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብታችሁ አትዙሩ፤ ማርሹን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ሆርማት ከሞላ ሎውም ሃይም አያድንም። ውኃው እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ የአገሩ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው።

በከተማችን የሞሉት ብዙ «ፎር ዊሎች»ስ? ራቭፎር እ.ኤ.አ. በ1994 ስትወጣ ጀምሮ ሎው የላትም፤ የድሮዋ ቪታራና ጂምኒ ግን አላቸው። «ፎር ዊል» የሚለው ቃል ብቻውን ግማሽ እውነት መሆኑን ከዚህ ተረዱ። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ የክርክሩ መልክ ተቀየረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ትራንስፈር ኬዝ ላያስፈልገው ይችላል። ግን ከተማ ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱ፣ ሆዳቸው መሬት የሚነካ ናቸው። ዞብል ሥር ምጥ ለተያዘች እናት ማን ይድረስላት? ጥያቄው በ1928ም፣ በ1977ም የነበረው ነው፤ መልሱን ያገኘው የለም።

የራያን ገበሬ ያዙልን ብለን ነበር። ጎርፉን ያሸነፈው ከጎርፉ ፈጥኖ አይደለም፤ አዘግይቶና ከፋፍሎ ነው። ትንሿ ዘንግም የምትሠራው ይህንኑ ነው፦ ያለውን ጉልበት ታዘገያለች፣ ለአራቱም ጎማ ታካፍላለች። ከዚህ ቀደም ጎድሎን የነበረው ጉልበት ሳይሆን ማካፈሉ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ «ስንት ትሄዳለች?» የሚል ጓደኛ ሲገጥማችሁ «እስከ የት ትደርሳለች?» ብላችሁ መልሱለት።

ቸር እንሰንብት።