ሁለት ቢላ፣ አንድ ገበያ፦ የሥጋ ታሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

ውድ የገጻችን ተከታታዮች፣ በተለይ በየከተማው ያላችሁ ወጣቶች፣ ዛሬ የምናነሳው ስለ ሥጋ ነው። የአንድ ኪሎ ዋጋ ሲነሳ ሁላችንም እናማርራለን። ነገር ግን ይህ ሥጋ በአገራችን በወሎ ምን ያህል ታሪክ ተሸክሞ እንደመጣ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው ሀብሩ ወረዳ ገብቶ መርሳን ያገኛል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ሥጋ ቤቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሙስሊምና የክርስቲያን። አንዱ ጨረቃ፣ ሌላው መስቀል ያደርጋል። ከብቱ ግን የሚገዛው ከአንድ ገበያ ነው። የደጋው ገበሬ ለእርሻ የደከመ በሬውን ሲነዳ፣ የቆላው ሰው ከአፋር በኩል ከብቱን ሲያመጣ፣ ገዢውን ሃይማኖቱን አይጠይቀውም። የሚለያየን የሚያርደው እጅና በቢላው ላይ የሚጠራው ስም ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 5 የኪታብ ባለቤቶችን ምግብ ይጠቅሳል። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ ከፊቅህም አልፎ ሄዷል። የሌላውን እርድ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲሁ ነበር የሚያስበው። ስለዚህ አንድ ጉርሻ ሥጋ የሰው ማንነት መለያ ሆነ።

ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገባን 1870 ዓ.ም.ን ስናስታውስ ነው። በዚያ ዓመት በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እንደ ሸይኽ ጠልሃ ኢብን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሱ። ብዙው ተራ ሕዝብ ግን መሣሪያም መሸሻም አልነበረውም። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው፣ ማዕድ ላይ እጅን መሰብሰብ እምነትን ማቆያ አንዱ መንገድ ነበር። ዛሬ በቀላሉ ገብተን "ግማሽ ኪሎ" የምንልበት የሙስሊም ሥጋ ቤት በነጻ የተገኘ እንዳይመስለን።

ብዙም ሳይቆይ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን መጣ። ከጣልያኖች ጋር በምጽዋ የገባው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉን ፈጀ ይባላል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ጠፋ፤ እርሻ ሲጠፋ ሰው አለቀ። የከብት ነገር የእንጀራም ነገር እንደሆነ አያቶቻችን ያኔ በመራራ መንገድ ተማሩት።

በደህናው ጊዜስ? የወሎ ሰው መላ አያጣም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ሰርግ ሲኖር ሁለት ከብት ይቀርባል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብት ሰጥቶ በእጃቸው እንዲያርዱና ለብቻው እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ። ልዩነቱን ማንም አልካደም፤ ለልዩነቱ ግን ሁሉም ወጪ አወጣለት። መከባበር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በፊት ሥጋ የሚገኘው በዋናነት በቅርጫ ነበር። ጎረቤት ተዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ መደብ መደብ ይደረጋል፣ ዕጣ ይጣላል። ጉበቱም አጥንቱም ጨጓራውም ለሁሉም ይደርሳል። ሉካንዳ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በቋንቋቸው ማደሪያ ቤት ማለት ነው። ሉካንዳና ሚዛን ሲመጡ ሥጋ በኪሎ ሆነ። ገንዘብ ያለው ለስላሳውን መርጦ ይወስዳል፤ የሌለው አጥንቱን ይገዛል ወይም አልፎ ይሄዳል።

ፍላጎቱም በሁለት ካላንደር ይሄዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ የክርስቲያኑ ሉካንዳ ይዘጋል፤ የከብት ፈላጊ ይቀንሳል። ለፋሲካ ሲሆን ዋጋው ይዘላል፤ የእኛም ባለሥጋ ቤት በዚያው ዋጋ ይገዛል። በረመዳን ደግሞ ለሾርባና ለሳንቡሳ የሚሆን ሥጋ ይፈለጋል፤ ለዒደል አድሓ ገበያው በእኛ ይሞቃል። ቢላው ሁለት ቢሆንም ዋጋው አንድ ነው።

ታዲያ ሥጋ ቢረክስ ሁልጊዜ ጥሩ ነው? በ1965 እና 66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ ከብት ረክሶ ነበር። አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር ይህንኑ ረሃብ አጥንቶ እንዳሳየው፣ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱ ከማለቁም በላይ የቀረውን ሲሸጥ የሚያገኘው እህል ትንሽ ሆነበት። ሥጋ የረከሰው ባለከብቱ ስለተራበ ነው። ዛሬ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መኖ፣ ነዳጅና ትራንስፖርት ተወዷል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነት ውስጥ በነበሩ ጊዜ ብዙ አርሶ አደር ከብቱን አጥቷል፤ ጥጃም በአንድ ዓመት በሬ አይሆንም።

አንድ የሚገርም ነገር እንጨምር። በሞጆና በቢሾፍቱ ካሉት ቄራዎች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ኤምሬትስ የሚላከው ሥጋ በሐላል የታረደ ነው። አንድ ዘመን ያስጨንቅ የነበረው "ቢስሚላህ" ዛሬ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሬ ያስገባል።

ወጣቶች፣ አያቶቻችን የተቸገሩት ሐላል ሥጋ ለማግኘት ነበር። ሐላሉ ዛሬ በየመንገዱ አለ፤ የጠፋው አቅም ነው። መፍትሔው ከታሪካችን ሩቅ አይደለም። ለኡድሒያ አንድ በሬ ለ7 ሰው እንደሚበቃ በሱንና የተረጋገጠ ነው። በየመስጊዱ፣ በየሰፈሩ 7 ሆነን ብንዋጣ፣ በሌላውም ጊዜ ቅርጫውን ብንመልሰው፣ ለማይችለው ጎረቤት አንድ መደብ ብናስቀር፣ ሥጋ የባለገንዘብ ብቻ ምግብ አይሆንም። ዘንድሮ ለዒድ ከማን ጋር እንደምትዋጡ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

አላህ አገራችንን ሰላም፣ ገበያችንን በረካ ያድርግልን። አሚን።