ነታንያ
ነታንያ በእስራኤል፣ ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የመዝናኛ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1929 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስያሜዋ ከአሜሪካዊው ነጋዴና በጎ አድራጊ ናታን ስትራውስ የመጣ ነው። በብርቱካን እርሻ ተጀምራ፣ ኋላ በአልማዝ መቁረጥ ሥራና በቱሪዝም አደገች።

ዋነኛ መለያዋ ከባሕሩ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመው የአሸዋ ድንጋይ ገደል ነው። ማዕበልና ዝናብ ስለሚሸረሽሩት ወደ ጠርዙና ወደ ግርጌው መጠጋት አደገኛ ነው። በአናቱ መናፈሻና የእግር መንገድ ተዘርግቷል፤ ወደ ሲሮኒት መዋኛ በደረጃ ወይም በመስታወት አሳንሰር ይወረዳል። ዋናተኛ ከሁሉ በፊት የነፍስ አድን ሠራተኞችን ባንዲራ ማየት ይኖርበታል፦ ነጭ ባሕሩ መረጋጋቱን፣ ቀይ አደጋ መኖሩን፣ ጥቁር መዋኘት መከልከሉን ያመለክታል። በቂርያት ጻንዝ፣ የሃይማኖተኞች ሰፈር በመሆኑ፣ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይዋኛሉ።

ሆቴሎቹ በአብዛኛው ከገደሉ አናትና ከነጻነት አደባባይ አካባቢ አይርቁም፤ ለቆይታ የሚከራዩ አፓርታማዎችም አሉ። ከተማዋ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። በደቡብ ዳርቻዋ ያለው ጥብቅ ስፍራ በጥርና በየካቲት በሚያብበው ጥቁር ሐምራዊ አይሪስ ይታወቃል።