ከሳ

ከሳ፦ ሥጋው ጎደለ፣ መነመነ። ድርቅ ደጋግሞ በመታቸው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢዎች «ምነው ከሳሽ?» የሚል ሰው የሚጨነቀው ስለ ጤናና ስለ ጓዳ ነው፤ «ወፈር ብለሻል» ሙገሳ ነው። በቴሌቪዥንና በስልክ የሚመጣው ውበት ግን ክሳትን ያሞግሳል። ይህ ውበት በሰው ላይ የሚያሳድረውን ግፊት የሚለካ መጠይቅ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወጥቷል። ጥያቄዎቹ ኅብረተሰቡ ቅጥነትን እንደሚያደንቅ ማወቅን፣ በዚያው ሚዛን ራስን ከመመዘን ይለያሉ፤ ከአመጋገብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ሁለተኛው ነው። መጠይቁን ወደ አማርኛ ቃል በቃል መተርጎም ግን አይበቃም፤ የስማዳዋ እናት «መክሳት» ሲሏት ረሃብን ልታስብ ትችላለች። ልጅዎ ውፍረት ፈርታ ምግብ ከተወች፣ «አማረብሽ» አይበሏት፤ ሐኪም ያማክሩ።