የሃርሊ-ዴቪድሰን ደንበኞችና መደብሮች
ሃርሊ-ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ የሞተር ብስክሌት አምራች ነው። በ1969 ኤኤምኤፍ የተባለ ኩባንያ ከገዛው በኋላ የምርቱ ጥራት አሽቆለቆለ፤ የጃፓን ሞተሮችም ገበያውን ተሻሙት። 13 የሃርሊ-ዴቪድሰን የሥራ ኃላፊዎች በ1981 ኩባንያቸውን ከኤኤምኤፍ መልሰው ገዙት። በ1983 የተቋቋመው የባለቤቶች ማኅበር ደንበኞችን በጋራ ጉዞ አስተሳሰረ፤ ሞተሩም ከመጓጓዣነት አልፎ የማንነት መለያ ሆነ። አርማውን በገላቸው ላይ እስከ መነቀስ የደረሱ ብዙ ናቸው። ዋነኞቹ ገዢዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለዱ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ወንዶች ነበሩ። ይህ ትውልድ ሲያረጅና ወጣቱ ከውዱና ከከባዱ ሞተር ሲርቅ፣ ከ2006 በኋላ የአሜሪካ ሽያጩ ቀነሰ። በዚህም ሞተሩን የሚሸጡ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ አንዳንድ መደብሮች ሳይቀሩ ተዘጉ።