ሳጥኗ ውስጥ የቱ "ሰ" ይግባ?

አፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ነው። ልክ በ9ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 12፣ አርተር ዊን የሚባል እንግሊዝ አገር የተወለደ ጋዜጠኛ በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሞላ የቃላት ጨዋታ አወጣ። ዛሬ እንጅባራ ላይ ቡናዬን የሚያቀዘቅዝብኝ እሱው ነው!

በእንግሊዝኛ ለአንዷ ሳጥን ምርጫው 26 ፊደል ነው። የእኛ ግን ከነቤቱ ስለሚገባ ከ200 ይበልጣል። "ዳንግላ" እና "ላሊበላ" "ላ" ላይ ይገናኛሉ፤ "ለ" ብትሆን ግን አይሆንም። ሲገጥም ደስታው ሌላ ነው!

የሚያናድደው ወደ ጎን "ንጉሥ"፣ ወደ ታች "ስም" ሲመጣ ነው። ሳጥኗ የቱን ትያዝ? ንጉሡን "ሠ" ወይስ እሳቱን "ሰ"? ድሮ በግዕዝ ድምፃቸው ይለያይ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሆኗል፣ ፊደሉ ግን ሁለት እንደሆነ ቀረ።

ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ታዲያ ምን ለውጥ አለው?" ይሉኛል። አለው እንጂ! በግዕዝ "ሰረቀ" ሌባው ነው፤ "ሠረቀ" ግን ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። አንዱን ፊደል ብንጥል ሌባውና ፀሐዩ ይቀላቀሉብናል። ስለዚህ ሳጥኗ ብታናድደኝም ሁለቱም ይቆዩልን ባይ ነኝ።

እናንተስ በየትኛው ትሞሏታላችሁ?